ዋና የማይችል ደገኛ ዳሃብ ሲገባ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ዋና አልችልም። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ጠዋት ፊት መታጠብ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፣ እንኳን ውኃ ውስጥ መግባት። ስለዚህ ይህን የዳሃብ ጉዞዬን፣ አየር ታዝሎ ባሕር ሥር የሚገባበትን ዳይቪንግ ጨምሮ፣ የምጽፈው ባሕር ለለመደ ሰው አይደለም። እንደኔ ለሆነው፣ የቀይ ባሕርን ፎቶ እያየ «ይሄማ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ለሚያልፈው ነው።

የምሠራው ካይሮ ነው። ግብፅ ውስጥ ጃንዋሪ 7 የሕዝብ በዓል ነው፤ ከኛ ገና ጋር አንድ ቀን ስለሚውል ለሐበሻ ሠራተኛ እንደ ስጦታ ነው። በ2017 ዓ.ም. ገና ማክሰኞ ዋለ። ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፣ ዓርብና ቅዳሜ እዚህ እረፍት ነው፣ አራት ቀን ሆነልኝ። ከጓደኛዬ ጋር ካይሮ ማዓዲ ሰፈር ዶሯችንን በላንና በዚያው ማታ የዳሃብ አውቶቡስ ተሳፈርን።

መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የስዊዝ ቦይን ከሥሩ በዋሻ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ሲና ነው። ሲና ከገባችሁ በኋላ ኬላው አያልቅም። እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ሲል መብራት ይበራል፣ መታወቂያ ይጠየቃል። የሌላው ሰው በሰከንድ ያልፋል፣ የኛ ፓስፖርት ግን ከአንዱ ወታደር ወደ አንዱ ይዞራል። ክፉ አልተናገሩንም፣ ግን ብርዱ ላይ ቆመን ጠብቀናል። ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ጓደኛዬ ሻንጣ ውስጥ ከታው የአውቶቡሱ ሆድ ሁለት ጊዜ ተከፍቶላታል።

ዳሃብ በዓረብኛ ወርቅ ማለት ነው። ከሻርም አል ሼክ ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የቤዱዊን፣ የበረሃው ዓረቦች፣ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። አሁንም የቤዱዊኖቹ ሰፈር አለ፣ ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ፦ አሰላ። አርሲ ድረስ ተመለስኩ። ከፊት ለፊት ባሕሩን ተሻግሮ የሳዑዲ ተራሮች ይታያሉ፣ ከኋላ የሲና ተራራ ግድግዳ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። ሻርምን የሚያውቅ ሰው ትልልቅ ሆቴል ይጠብቃል። እዚህ ያለው ባሕር ዳር ላይ ትራስ ተደግፎ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ሻይ፣ እና ድመት ነው። የድመቱ ብዛት ጉድ ነው። ዓሣ አዝዛችሁ ብቻችሁን መብላት አትችሉም።

ታክሲ ነጂው ሐበሻ መሆናችንን እንዳወቀ ስለ ግድቡ ጠየቀን። ካይሮ የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ በእንቅልፉም ይመልሳል። «ውኃው ይደርሳችኋል» አልነው፤ ሳቀና ቀነስ አደረገልን።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዳሃብ ትልቁ ጥቅም ኮራሉ፣ ድንጋይ መሰሉ የባሕር ፍጡር፣ ከዳርቻው መጀመሩ ነው። ሌላ ቦታ በጀልባ ረጅም ሰዓት ትሄዳላችሁ፤ እዚህ ከሻይ ቤቱ ተነስታችሁ በእግር ትገባላችሁ። ጀማሪዎችን የሚያስገቡበት ቦታ ላይትሃውስ ይባላል፣ ከተማው መሃል ነው። ሰርተፊኬት የማይጠይቅ የሙከራ ዳይቪንግ አለ፣ ከ12 ሜትር አያልፍም፣ አሠልጣኙ እጃችሁን ይዞ ነው የሚያወርዳችሁ። ሰርተፊኬት የምትፈልጉ ከሆነ ግን 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ግዴታ ነው። እኔ ለዚያ ገና ነኝ።

መጀመሪያ የጤና ፎርም ይሞላል። አስም አለብኝ፣ ጆሮዬን ያመኛል የሚል ሰው እዚህ ጋ መዋሸት የለበትም። ቀጥሎ ልብሱ። ዌትሱት ይሉታል፣ ላስቲክ መሰል ጥቁር ነገር ነው። በጥር ውኃው 22 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ያለ እሱ አይቻልም። የኔን ጠዋት ሌላ ሰው ለብሶት ነበር፤ እርጥብ፣ በረዶ የመሰለ። እግሬን ለማስገባት ብቻ ላብ በላብ ሆንኩ። ጓደኛዬ በአንድ በኩል ትጎትታለች፣ አሠልጣኙ በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል ላይ እንደ ጆንያ እናጣለሁ። ደረቅ አምጡልኝ ብትሉ መብታችሁ ነው፣ እኔ አፍሬ ዝም አልኩ፤ እናንተ አትፈሩ።

ከዚያ ወገቤ ላይ እርሳስ ታሰረ። የሚጻፍበት አይደለም፣ ብረቱ። እዚህ ያለው ባሕር በጣም ጨዋማ ነው፣ በአንድ ሊትር ውኃ 40 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ስለዚህ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ዕድሜ ልኬን እሰጥማለሁ ብዬ ስፈራ ኖሬ፣ ለመስጠም ከፍዬ እርሳስ አሳሰርኩ። ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ሲሊንደር ደግሞ ሁሉም ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል። ኦክስጅን አይደለም፣ እኔና እናንተ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ታምቆ የተሞላ።

አሠልጣኛችን ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሦስት ነገር ነገረን። ትንፋሻችሁን በጭራሽ አትያዙ። ጆሮ ሳያማችሁ በፊት አፍንጫችሁን ይዛችሁ ንፉ። አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት «አሪፍ ነው» ማለት አይደለም፣ «ወደ ላይ ልውጣ» ማለት ነው። ገብቶናል አልነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች ከባድ ናቸው። ጆሮዬ ደፈነ፣ ነፋሁ፣ ጧ አለና ተከፈተ። እንደገና ደፈነ። ወደ ታች 10 ሜትር ሲወረድ ጫናው ከውኃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ ለዚህ ነው ጆሮ ቶሎ የሚጮኸው። በዚያ ላይ መነጽሬ ውኃ ያስገባል። ወጣን፣ ቀየረልኝ፣ አሁንም ያስገባል። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ሹሩባዬን በጣቱ ወደ ኋላ ገፋ። ሁለት ቀጭን ጉንጉን ግንባሬ ላይ ወርዶ በላስቲኩ ሥር ገብቶ ኖሯል። ውኃው በዚያ በኩል ነበር የሚገባው። ሹሩባ የተሠራችሁ ሴቶች፣ ወደ ኋላ አሲዙት፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም።

እንደገና ስንወርድ ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው። ስስብ ሽሽሽ፣ ሳስወጣ ብልቅልቅ። ከታች አሸዋ፣ ከጎን ኮራል፣ ዓሣው ደግሞ ከኛ ጉዳይ የለውም። ክንፏ እንደ ተበተነ ጥልፍ የሆነች አንበሳ ዓሣ ቆማ ታየናለች፤ ቆንጆ ናት፣ እሾኋ ግን መርዝ አለው። አሠልጣኙ አንድ ድንጋይ ጠቆመን። ድንጋይ ነው። ተጠጋን፣ ድንጋዩ ቀለሙን ቀየረ፣ ዓይን አወጣ፣ ተነስቶ ሄደ። ኦክቶፐስ ነበር። ጓደኛዬ በደስታ አበደችና ሁለቱንም አውራ ጣቶቿን ወደ ላይ ቀሰረች። ሰውየው ምን ያድርግ፣ ክንዷን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አወጣት። እኔም ተከተልኩ። ላይ ስንደርስ «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ኧረ ደስ ብሎኝ ነው!» አለችው። ያ የቀረን ደቂቃ በዚያው ቀረ። እስካሁን አልማርኳትም።

የጠለቅነው 6 ሜትር ነው። ሃያ ደቂቃ ገደማ። ዋጋው እዚያው ከተማ የአራት ሰው ጥሩ እራት ያህላል፣ ለኔ ይገባዋል። ብዙዎቹ በዩሮ ነው የሚነግሯችሁ፤ በጊኒ፣ በግብፅ ገንዘብ፣ ስንት ነው፣ ልብሱንና መነጽሩን ይጨምራል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመጣን ዕለት ባሕር ዳሩ ላይ ካለ አንድ የጉዞ ቢሮ ሁሉንም በአንድ ገዛን፦ ሐሙስ ከሰዓት ዳይቪንግ፣ በዚያው ሌሊት ደብረ ሲና ተራራ መውጣት (የሙሴው ተራራ፣ የኛዋ ከተማ አይደለችም)። ሻጩ «ጊዜ ይቆጥብላችኋል» አለን። ሐሙስ ልንጠልቅ ስንል አሠልጣኙ «ማታ ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ነገርነው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። ውኃ ውስጥ ሳለን ደም ውስጥ ናይትሮጅን ይገባል፤ ቶሎ ወደ ከፍታ ከተወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ነቅንቆ እንደ መክፈት ነው፣ አረፋ ይሆናል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን የማይሳፈረው። ተራራም ያው ነው። ቢሮው ቀኑን ወደ ዓርብ ሌሊት አዞረልን፣ ግን «የለውጥ» ብሎ ተጨማሪ አስከፈለን። የራሱን ስህተት ለማረም! አዲስ አበባ ለምትመለሱ ደግሞ ይህ እጥፍ ነው፣ ከባሕር ጠርዝ ተነስታችሁ ደጋ ላይ ነው የምታርፉት። ዳይቪንጉን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሱ።

ዓርብን ብሉ ሆል ዋልን። ከከተማው ወደ ሰሜን በመኪና ሩቅ አይደለም። ከዳርቻው ሥር ከ100 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው። የሕይወት ጃኬት ተከራይተን፣ ስኖርክል (አፍ ላይ የሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) አድርገን፣ ጠርዙን ይዘን ተንሳፈፍን። ከሆዴ በታች ሰማያዊው ወደ ጥቁር ሲሄድ አንጀቴ ተላወሰ። ከ50 ሜትር በታች ወደ ክፍት ባሕር የሚያወጣ ቅስት አለ፤ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ገደቡ 40 ሜትር ነው፣ ግን ውኃው ጥርት ስላለ ቅስቱ ቅርብ ይመስላል። እዚያው ገደሉ ላይ፣ ጠልቀው ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ተለጥፈዋል። ሻይ እየጠጣችሁ ታነቧቸዋላችሁ። ለስኖርክል ግን ጥሩ ቦታ ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ሂዱ።

የበረሃ እራትም ነበር፣ የመጀመሪያው ቀን ማታ። ሙዚቃውን ባያበዙት ጥሩ ነው። ሊጡን ረመጥ ውስጥ ቀብረው ሲያወጡት የእናቴ ቂጣ ነው፣ አመዱን በእጅ ማራገፉ ሳይቀር። ቡናቸው ሄል በዝቶበታል፣ ስለ ቡና ብዙ አልናገርም። አራት ጎማውን ሞተር አልነዳሁትም፣ ጩኸቱ በረሃውን ያበላሸዋል።

ደብረ ሲና ግን ሌላ ነው። ማታ አምስት ሰዓት በሚኒባስ ወጣን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት መውጣት ጀመርን። ያለ ቤዱዊን መሪ አይፈቀድም። ግመል አለ፣ ግመሉ ግን መጨረሻው ላይ ያቆማችኋል፤ የቀሩት 750 የድንጋይ ደረጃዎች በእግር ናቸው። መንገድ ላይ ሻይ የሚሸጡ ጎጆዎች አሉ፣ ብርድ ልብስም ያከራያሉ። ተከራዩ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብዬ ኮራሁና ደረጃው ላይ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጓደኛዬ በየእርምጃው «እግዚኦ» ትላለች፣ ለጸሎት ይሁን ለጉልበቷ አልጠየቅኳትም።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ፀሐይ ወጣች። ተራራው በአንድ ጊዜ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ስልኩን አወጣ። የጫፉ ከፍታ 2,285 ሜትር ነው። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ዘወር አለችና «አንቺ፣ ቦሌ ኤርፖርት ከዚህ ከፍ ይላል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ወጥተን ቦሌን አልደረስንባትም።

ከሥር ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዮስጢንያኖስ የተሠራ ነው። ዕፀ ጳጦስ ናት የሚሏት ቁጥቋጦ ግቢው ውስጥ አለች፣ ከአጥሩ በላይ ተንጠልጥላ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይዘጋል፣ ዓርብና እሑድ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው፣ ቀኑን አስቡበት። እኛ ቅዳሜ ደረስን። የኛ መሪ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ያላ፣ ያላ» ማለት ጀመረ። ያን ያህል መንገድ መጥቶ ግማሽ ሰዓት! ሌላ ጊዜ ብሄድ እዚያው ቅድስት ካትሪን ከተማ ነው የማድረው።

ለመውረዱ ጉልበት አስቀሩ፣ ጓንትና ባትሪ ያዙ። ዳሃብ ላይ ጫማ ለብሳችሁ ውኃ ግቡ፣ ኮራል አትርገጡ፣ እናንተንም ይቆርጣል እሱም ይሞታል።

እሑድ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ሥራ ገባሁ። ግራ ጆሮዬ ከብሉ ሆል ጀምሮ እንደ ደፈነ ነው። አለቃዬ የሆነ ነገር ሲያስረዳኝ ለመስማት ጭንቅላቴን ወደ ጎን አጋደልኩ፣ የሞቀ ውኃ አንገቴ ላይ ፈሰሰ።