የድሮው ቲቪ ወይስ ፍላት? ደሴ ላይ ለምትገዙ

አጎቴ ከሐይቅ ከተማ ደውለው «ቲቪ ፈልግልኝ፤ ያንን የድሮውን ጠንካራውን ካገኘህ እሱን» አሉኝ። ደሴ ያሉ ጥገና ቤቶችን ዞርኩ። ባለ 21 ኢንች አሮጌውንና ባለ 32 ኢንች ፍላቱን ጎን ለጎን አስበርቼ አየኋቸው።

የድሮው ከኋላ የሚወፍረው ያለ ምክንያት አይደለም። ውስጡ አየር የወጣለት ትልቅ የመስታወት ቱቦ አለ። ከቱቦው ጭራ ያለችው ትንሽ ብረት ስትግል ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶችን እንደ ጨረር ትለቃለች፤ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሆነ ኃይል ወደ ፊት ይስበዋል፤ አንገቱ ላይ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ደግሞ ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያመላለሰ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀባውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዱቄት ያበራዋል። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ብታዩ ሦስቱ ቀለሞች ተለያይተው ይታያሉ።

ኳስ የሚያምረውም በእሱ ነው። ኳሷ ስትበር ጭራ አታወጣም። ጥግ ላይ የተቀመጠውም ሰው መሃል እንዳለው ያያል፤ በዓል ሲሆን ጎረቤት ሁሉ በሚሰበሰብበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ርካሽ ፍላት ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል። ፕሌይ ስቴሽን 2 ለሚጫወት ልጅም አሮጌውን ነው የምመርጥለት።

ክብደቱ ግን! ከ20 ኪሎ ያልፋል፣ ለሁለት ነው ያነሳነው። መብራትም ይበላል፤ ፍላቱ የእሱ ግማሽ ያህል ይበቃዋል። ማግኔትም አይወድም። ድሮ አጎቴ ቤት ትልቅ ስፒከር አጠገቡ ተቀምጦ ጥጉ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆነና ተበላሸ ብለን ደነገጥን፤ ስፒከሩን አርቀን፣ ቲቪውን አጥፍተን ትንሽ ቆይተን ስናበራው ለቀቀው።

አሮጌውን የምትገዙ ከሆነ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ አስበሩት። ስዕሉ ደብዝዞ ቀስ እያለ የሚመጣ ከሆነ ቱቦው ደክሟል፣ ተዉት። ዛሬ ለቤት ቲቪ አዲስ ቱቦ የሚሠራ የለም፤ መለዋወጫው የሚወጣው ከሞተ ቲቪ ነው። ሪሲቨራችሁንም እዩ፤ አንዳንዱ አዲስ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ የሚባለው አዲሱ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፣ አሮጌው ቲቪ ደግሞ የሚያውቀው ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ነው። እባካችሁ ራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ውስጥ የሚመታ ኤሌክትሪክ ይቀራል። ሲሞትም ልጆች እንዲሰብሩት ውጭ አትጣሉት፣ መስታወቱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት።

ፍላቱም የራሱ ጣጣ አለው። የኋላ መብራቱ ቢሞት ይጠገናል፤ ፊቱ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ መግዛት ይቀላል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር አብራችሁ ግዙ፣ በዚህ አትሰስቱ።

ቤታችሁ ያለው አሮጌ ደህና የሚያበራ ከሆነ አትቀይሩት። ብር አውጥታችሁ የምትገዙ ከሆነ ግን ፍላቱን ውሰዱ። ለአጎቴም እሱኑ ገዛሁ። መጀመሪያ ቅር አላቸው። አሁን ከጥግ የነበረ ወንበራቸውን ወደ መሃል አምጥተውታል።