የጣት ኦክስጅን መለኪያዬ ከወራት በኋላ፦ ቁጥሩ ደህና፣ ድካሙ ግን አለ

የገዛኋት በድካም ምክንያት ነው። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ የማይደክመው ሰው የለም። የኔ ግን ጠዋት ስነሳም አብሮኝ ይነሳል። «ኦክስጅን አንሶህ ይሆናል» የሚል ሰው አላጣሁም። ነገሩ መሠረት አለው። ሰውነታችን ከምግብ ጉልበት የሚያወጣው በኦክስጅን ነው። ካነሰ ጡንቻም ይዝላል፣ ጭንቅላትም ይፈዛል። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ገብቼ አንዷን ይዤ ወጣሁ። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ዕቃው ግን ያው የቻይና ነው። ይኸው ወራት አለፉ። ቤተሰቡ በሙሉ ተለክቷል፣ ጎረቤትም አልቀረ።

አሠራሯ ደስ ይላል። ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚመጥጡት በተለያየ መጠን ነው። ከልዩነቱ ተነስታ ኦክስጅን የያዘውን በመቶኛ ታሰላለች። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያፈለቀው ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው።

ጣት ካስገባችሁ በኋላ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንሽ ታገሱ። መጀመሪያ ብልጭ የሚለውን አይቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው። እጅ ከቀዘቀዘ ትቸገራለች። ድሬ ላይ ይህ ችግር የለም፣ ሐረር ጠዋት ላይ ግን እጅ ማሻሸት ያስፈልጋል። የጥፍር ቀለም መነሳት አለበት። ለእኛ አገር ደግሞ ዋናው ሂና ነው። ለሠርግ እስከ ጣቷ ጫፍ ጥቁር ሂና የተቀባች ዘመዴን ስለካት ቁጥሩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ያልተቀባ ጣት ፈልጉ፣ ከሌለ የጆሮ ጫፍ ላይ የሚያዝ ሌላ ዓይነት አለ።

ስለ ከፍታ ላንሳ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነች። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ወደ 1,900 ትጠጋላችሁ። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። እኔ ድሬ ላይ 97 ወይም 98 ነኝ፣ ሐረር ላይ 95 ወይም 96። ይህ ጤነኛ ነው፣ ማንንም አያደክምም። በእረፍት ላይ ሆናችሁ ደጋግሞ ከ90 በታች ከታየ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ታላቄ ነች፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ያቺን የቤቷን ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ትተነፍሳለች። በሄድኩ ቁጥር እለካታለሁ፣ 96 ወይም 97። «ማሽንህ ደህና ነሽ ይለኛል፣ እግሬ ግን አልሰማም አለ» አለችኝ። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ 8 ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል።

ዕቃዋ እዚህ ላይ አልዋሸችም። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፣ እሷ የምትነግረን ደግሞ ካለው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ እንደጫነ ብቻ ነው። ሄሞግሎቢኑ ራሱ ስንት ነው የሚለውን አታውቅም። 8 ያለው ሰው ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን 12 ካለው ሰው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። መለኪያዋ ላይ ግን ሁለቱም 97! ድካም ያለበት ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ምርመራውን ከተወ ዕቃዋ ጠቀመችው ሳይሆን ጎዳችው።

ለእህቴ አይረን ታዘዘላት። ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስደው ተነገራት፣ ሁለቱም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። አቦ፣ ለሐረር ሰው ይህ ከኪኒኑ በላይ ይመራል። ግን እየተሻላት ነው። 97 የነበረው አሁንም 97 ነው፣ ዳገቱ ነው የቀለላት።

ሌላው የሚያስፈራኝ የከሰል ጉዳይ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢኑን ይይዝና የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ይቺ ዕቃ ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውንም ኦክስጅን የያዘ አድርጋ ታየዋለች። ሰውዬው ራሱን እያመመው፣ እያቅለሸለሸው፣ ስክሪኑ 98 ሊል ይችላል። እንዲህ ሲሆን መለካቱን ትታችሁ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ቶሎም ሕክምና ቦታ አድርሱ።

የቆዳ ቀለምም አለ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በጥቁር ሕሙማን ላይ መለኪያው የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ ያለፈበት ጊዜ ከነጮቹ ወደ 3 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ያ እንግዲህ የሆስፒታል መሣሪያ ነው። የኔዋን ርካሽ አስቡት። 92 ወይም 93 ባየሁ ጊዜ «ትንሽ ነው የጎደለው» ብዬ አላልፍም።

የምትለካው የልብ ምት ግን አስተማማኝ ነው። በእጅ ከቆጠርኩት ጋር ይገጥማል። በርጫ ላይ ጓደኞቼን ስለካ ብዙዎቹ ከ100 በላይ ነበሩ። ጫት የልብ ምት እንደሚጨምር የታወቀ ነው፣ ስክሪን ላይ ሲያዩት ግን ጨዋታው ለአፍታ ቆመ።

ጥንካሬዋ አይከፋም። በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ትሠራለች። ካልተጠቀማችሁባት አውጡት፣ ሙቀት ላይ ያፈሳል። ውስጧ ያለው ጎማ ትንሽ ላልቷል፣ የሕፃን ጣት ድሮም አትይዝም። ትልቁ ጉድለቷ ምንም አለመመዝገቧ ነው። የኔ ድካም ገና አልታወቀም። ባለቤቴ ሌሊት አንኮራፍተህ አንኮራፍተህ ትንፋሽህ ቀጥ ይላል ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ኦክስጅኑ የሚወርደው ተኝቶ ነው፣ ቀን ላይ ሲለካ 98 ቢሆን አይገርምም። ሌሊቱን ሙሉ የምትመዝግብ ዓይነት እያፈላለግሁ ነው፣ ሐኪምም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ይቺኛዋን አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ግዙ። ለድካም ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለደም ምርመራ አውሉት።