ቴሌግራም፣ ስላክ ወይስ ዋትስአፕ፦ ስክሪፕትዎን ከየትኛው ጋር ያገናኙ?

ሰርቨር ሲቆም፣ የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወሰድ ሲቀር ወይም አዲስ ትእዛዝ ሲገባ በስክሪፕት (ራሱን ችሎ በሚሠራ አጭር ፕሮግራም) በኩል ስልክዎ ላይ መልእክት እንዲደርስዎት ከፈለጉ፣ ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለዩ። መልእክቱ የሚሄደው ለራስዎ ባልደረቦች ነው ወይስ ለደንበኛ? ኮምፒውተርዎስ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ አለው?

ለራስ ቡድን ከሆነ ቴሌግራምን አስቀድማለሁ። ቦትፋዘር ከተባለው የቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ጋር ጥቂት ቃል ተለዋውጠው የራስዎን ቦት ይፈጥሩና ቶክን፣ ማለትም የቦቱን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ቶክኑን፣ የተቀባዩን መለያ ቁጥርና ጽሑፉን የያዘ አንድ የኤችቲቲፒ ጥያቄ (በኢንተርኔት የሚላክ ጥሪ) ከስክሪፕቱ መላክ ይበቃል። ለዚህ ክፍያ የለም። ከነጻነቱ በላይ የምወድለት ግን ዌብሁክን (አገልግሎቱ አዲስ መልእክት ሲመጣ ወደ እርስዎ ይፋዊ የኢንተርኔት አድራሻ የሚልክበትን መንገድ) ግዴታ አለማድረጉን ነው። ስክሪፕቱ ራሱ እየጠየቀ አዳዲስ መልእክቶችን ያመጣል፤ ስለዚህ ከቢሮ ራውተር ጀርባ ያለ አሮጌ ኮምፒውተርም ሥራውን ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ፣ ያልተወሰዱት መልእክቶች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቆዩለታል።

ገደቦቹን ግን ይወቁ። አንድ መልእክት ከ4096 ፊደላት አይበልጥም፤ በአንድ ግሩፕ ውስጥ በደቂቃ ከ20 በላይ መልእክት መላክ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ስሕተት አንድ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት ሰርቨሩ በተናወጠ ሰዓት፣ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ይታገዳል። ስሕተቶቹን ሰብስቦ በፋይል መላክ ይሻላል፤ እስከ 50 ሜጋባይት ይፈቀዳል። ደግሞም ቦት ቀድሞ ሰው አያናግርም፤ ተቀባዩ መጀመሪያ ቦቱን ከፍቶ ማስጀመር አለበት።

ስላክ (የሥራ ቡድኖች መነጋገሪያ መተግበሪያ) ጥሩ የሚሆነው ቡድንዎ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሲሠራ ነው። ጊትሀብን (የኮድ ማስቀመጫ) እና ጂራን (የሥራ መከታተያ) የመሰሉ መሣሪያዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁዎታል፤ በሶኬት ሞድም (ፕሮግራምዎ ራሱ ግንኙነቱን በሚከፍትበት ዘዴ) ይፋዊ አድራሻ ሳያስፈልግ ይሠራል። ነጻው አማራጭ የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ብቻ ሲሆን ከ10 በላይ መተግበሪያ አያስገናኝም፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ልክ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ለሦስት ሰው ማስጠንቀቂያ ብቻ ይህን ወጪ አልመክርም።

ዋትስአፕ የደንበኛ መንገድ ነው፤ በተለይ ደንበኞችዎ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ካሉ። ደንበኛው ከጻፈልዎ በኋላ ለ24 ሰዓት እንደፈለጉ ይመልሱለታል። ከዚያ ውጭ የሚላከው አስቀድሞ የጸደቀ ቅጽ ብቻ ነው፤ ከሐምሌ 2025 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ ሒሳቡ በእያንዳንዱ መልእክት ይታሰባል። የሚመጣውን መልእክት ለመቀበል ዌብሁክ የግድ ነው። ይህን ሁሉ ለመዝለል የዋትስአፕ ዌብን አስመስለው የሚሠሩ መደበኛ ያልሆኑ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) አሉ፤ የድርጅትዎ ቁጥር ሊታገድ ስለሚችል አይንኳቸው።

የትኛውንም ቢመርጡ ቶክኑን ኮዱ ውስጥ አይጻፉ። ያገኘው ሁሉ በቦትዎ ስም መናገር ይችላል። በስሕተት ጊትሀብ ላይ ከወጣ ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፤ ቶክኑን ወዲያውኑ ሽረው አዲስ ይውሰዱ።