ለፕራዶ ትልቅ ጎማ፦ 265/70 ወይስ 285/70?

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ፕራዶውን ይዞ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጎሚስታ ጋ ወሰደኝ። መኪናው የሚያደርገው 265/65 ባለ 17 ነው፤ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የሱ ልብ 285/70 ላይ ቆሟል። እኔ 265/70 ይበቃሃል ባይ ነኝ።

265/70 ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነበረው በ2.6 ይበልጣል። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የዚህን ግማሽ ብቻ ነው፣ 1.3። ትንሽ ነው፣ አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነካካ ይገባል።

285/70 ወደ 83 ይደርሳል፤ መኪናውን በ2.7 ያነሳዋል። ግርማ ሞገስ አለው። ጣጣውም አብሮት ይመጣል። ለሙከራ የፊቱን አስገጠምን። መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ፕላስቲክ ፋቀውና ጥቁር ጭረት ተወበት። እስቲ ፒያሳ ላይ መሪ ጥግ ሳታደርስ መኪና አቁም! መፍትሄው ወይ መኪናውን ከፍ ማስደረግ ነው፣ ወይ ፕላስቲኩን ማስቆረጥ።

ፍጥነትም አለ። ከፋብሪካው ጎማ ጋር ሲነጻጸር፣ ያኔ 60 የነበረው በ265/70 ወደ 62፣ በ285 ወደ 64 ይሆናል፤ ጌጁ ግን ያንኑ 60 ያሳይሃል። ክብደቱ ደግሞ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትወጣ ይታወቅሃል፤ ሞተሩ ይሰንፋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ስኮርታውንም አብረህ መቀየር አለብህ፤ እሱ የአምስተኛ ጎማ ወጪ ነው።

በየሳምንቱ ጭቃና ድንጋይ ውስጥ ለሚገባ ሰው 285ቱን አልነፍገውም። ጓደኛዬ ግን ከሜክሲኮ ፒያሳ ነው የሚመላለሰው። እስካሁን አልወሰነም፤ የ285ቱን ፎቶ ግን ስልኩ ላይ ለጥፎታል።