ለፀጉሬ 24,000 ብር ከፍዬ የእናቴን ጓዳ ገዛሁ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ፀጉራችሁ እየረገፈ "አገር ቤት ስገባ በባህል መድኃኒት እታከማለሁ" ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔም እንደዛው ብዬ ነው የሄድኩት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄን በወለድኩ በአራተኛው ወር ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ። መርገፍ ስል ማበጠሪያ ላይ የሚቀረውን አይደለም። የሻወሩ ፍሳሽ ይዘጋል። ትራሱ ላይ ፀጉር፣ የልጄ ጣት ላይ የተጠመጠመ ፀጉር፣ ሽሮው ውስጥ ፀጉር። አንድ ማታ ባለቤቴ ከጉርሻው ውስጥ ረጅም ፀጉር መዘዘና ምንም ሳይል የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ስጠይቅ ከሦስት ወር በኋላ አሉኝ። እስከዚያ ከኮስትኮ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ገዝቼ እንደ ከረሜላ መብላት ጀመርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ህዳር መጨረሻ ላይ የስምንት ወር ልጄን ታቅፌ ቦሌ ገባሁ። እማዬ ገና ሻሼን ሳወልቅ "ውይ ልጄን! ፀጉርሽን ምን በላው?" አለች። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ አንድ የባህል መድኃኒት ቤት አሳየችኝ። መጀመሪያ ግንባሯ የተመለጠ ሴት፣ ቀጥሎ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የተበተነ። "በ21 ቀን" ይላል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። የሰው ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ21 ቀን ሰባት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ያኔ ግን ማን ያሰላል። እዚያው ስልክ ደወልኩ።

ቀጠሮዬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የገባሁት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጄን እማዬ ጋ ትቼ ስለመጣሁ ጡቴ ሞልቶ እያመመኝ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ "ከውጭ ነው የመጣሽው አይደል?" አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት ጫማዬን አይታ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ስንት እንደሚያስከፍለኝ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ሰውየው ነጭ ጋውን ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ማዳመጫ አንጠልጥሏል፤ አልተጠቀመበትም። በስልኩ መብራት ጭንቅላቴን አየ። "እህቴ፣ ምች መትቶሻል። ደምሽም ቆሽሿል" አለኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወልደሻል ወይ አላለኝም። ምን ትበያለሽ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ምንም። እውነቱን ልናገር፣ "እህቴ" ሲለኝ ግን ልቤ ቅልጥ አለ። ሜሪላንድ ሐኪሜ ኮምፒውተሩን እያየ ነው የሚያናግረኝ። እዚህ የከሰል ሽታ አለ፣ ግድግዳው ላይ ስዕለ ማርያም አለ፣ በአማርኛ የሚያባብለኝ ሰው አለ። ማመን ፈልጌ ነበር።

24,000 ብር ተባልኩ። ሦስት ነገር ያለው ፓኬጅ ነው፤ የሚቀባ፣ የሚታጠቡበት እና የሚጠጣ። ለመክፈል ቆሜ ሳለ አብራኝ ስትጠብቅ የዋለችው ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ስንት አሉሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። እሷ ለዚያው ፓኬጅ የከፈለችው 6,500 ብር ነው። ተመልሼ ስጠይቅ "የእርስዎ ስፔሻል ነው" ተባልኩ። ከአንቺ ወደ እርስዎ ከፍ አልኩ፤ ዋጋውም አብሮኝ ከፍ አለ። ሰውየው ራሱ ብቅ ብሎ "ለእናንተ እኮ በዶላር ሲመነዘር ምንም ማለት አይደለም" አለኝ። ምንም ማለት አይደለም! የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ፣ ለልጅ ጠባቂ በሰዓት እየከፈልኩ ነው ያንን ብር ያጠራቀምኩት። ግን ከፈልኩ። በቴሌብር ላኪ አሉኝ፤ የመጣው ስም የሌላ ሰው ነው። ደረሰኝ ስል ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ ከደብተር ላይ የተቀደደች ወረቀት ሰጡኝ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የሰጡኝ ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ "ዋናው" ያሉት የሚጠጣው፣ ከጎጃም እየመጣ ነው። ሐሙስ ነዪ። ሐሙስ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ሰኞ ሄድኩ፣ የሚያመጣው ሰውዬ ታሟል። በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው እየዞረ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ በዚያ ላይ ልጄ ታለቅሳለች። ረቡዕ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። በአምስት ሳምንት ዕረፍቴ ውስጥ 16 ቀን የዚያን መድኃኒት መምጫ ስጠብቅ አለቀ። ላሊበላ ልንሄድ ነበር። ቀረ።

የሰጡኝን ሁለቱን ለእማዬ አሳየኋት። አንደኛው ወረቀቱ በተላጠ ሃይላንድ ውስጥ ነው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። "ይሄማ ጥቁር አዝሙድ ነው። አብሽም የጥብስ ቅጠልም አለበት።" ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ አሸችው። "ዘይቱ ጉሎ ነው።" ሁለተኛውን ስትከፍት ፊቷን አጨማደደች፤ "ጥሬ ነጭ ሽንኩርት! ይሄን ነው ራስሽ ላይ ልታደርጊ?" ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ጥቁር አዝሙዱን፣ አብሹን፣ የጥብስ ቅጠሉን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። 24,000 ብር ያወጣሁበት ነገር ከሞላ ጎደል ከሽሮው ጣሳ ጎን ነበር።

ሰው ግን ሞኝ ነው። የከፈልኩበት ነው ብዬ ማታ ቀባሁት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ እሳት ሆኖ ነቃሁ። ጠዋት የግንባሬ ጠርዝ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ እንደሚያቃጥል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ቆዳ ሐኪም የሄድኩት ለቃጠሎው ብዬ ነው እንጂ ለፀጉሬ አልነበረም። አንድ የግል ክሊኒክ ነው፣ የካርድ ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ 800 ብር፣ ለእኔም ለሌላውም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ያለችኝ "መቼ ነው የወለድሽው?" ነው። ልቅሶዬ መጣ። ከዚያ ከፀጉሬ ትንሽ ጭብጥ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችና የወጣውን ጋውኗ ላይ ዘርግታ ቆጠረችው። ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ አሳየችኝ። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የጤና ነው አለችኝ። ከወሊድ፣ ከከባድ ሕመም ወይም ከትልቅ ጭንቀት በኋላ ደግሞ ብዙው ፀጉር ባንዴ ዕረፍት ይወጣና ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የእኔ ግን መቀነስ ሲገባው ስላልቀነሰ ደም ተመርመሪ አለችኝ። ባዮቲን እንደምወስድ ስነግራት ለሦስት ቀን አቁሚው አለች፤ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ምርመራን ውጤት ያዛባል። ኮስትኮ ስገዛው ይሄን የነገረኝ የለም።

ውጤቱ ሲመጣ እንቅርቴ ደህና ነው። የብረት ክምችቴ፣ ፌሪቲን የሚሉት፣ 9 ነው። ባዶ ጎተራ ማለት ነው። ከወሊድ የፈሰሰኝ ደም አለ፣ ማጥባቱ አለ። ንስሐ አባቴ እንዳልጾም ፈቅደውልኛል፤ ግን በነቢያት ጾም እማዬ ቤት ማን ሥጋ ያበስላል? የብረት ክኒን ታዘዘልኝ። ምርመራው፣ ካርዱና ክኒኑ ተደምሮ 5,000 ብር አልሞላም።

በዚህ ላይ ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረች፤ ቤታችንን ያመሰው እሱ ነው። ከምግብ ጋር ቡና አይጠጣ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላል። ሻይም እንደዛው። ለእማዬ ይሄን ንገሯት እስኪ! ምሳ ሳይነሳ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው። "ጤፍ እየበላሽ ብረት አነሰኝ ትያለሽ? አሜሪካኖች እንኳን ጤፍ ብለው አብደዋል" አለችኝ። ይሄንንም ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው አውድማ ላይ ከአፈሩ የሚገባ ነው፣ ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም፤ የሊጡ መቡካት ግን ይረዳል ብላኛለች። ምስሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ጾሙ ሲፈታ ጉበት ብዪ አለች። እማዬ ሎሚውን ተቀበለች። ቡናውን አልተቀበለችም። ተደራድረን አቦሉን እሷ ትጠጣለች፣ እኔ በረካው ላይ እደርሳለሁ።

ባህል መድኃኒት ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሐኪሟ ራሷ አላጣጣለችውም። የጥብስ ቅጠል ዘይት እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ጥናት ሁለት ፐርሰንት ከሆነው ሚኖክሲዲል ከሚባለው የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት ጋር ለስድስት ወር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል አለችኝ፤ ግን በዘር ለሚመጣ መመለጥ ነው፣ የእኔ ያ አይደለም። ሚኖክሲዲሉንም ስለማጠባ አልሰጥሽም አለች። የሚያስፈራት ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቅባት ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ተደባልቆ ያጋጥማታል።

ገርጂ ያለችውን የፀጉር ሠሪ ልጅም ሳላመሰግን አላልፍም። ለገና ሹሩባ ልሠራ ስሄድ ግንባሬን ነካ ነካ አድርጋ "እህቴ፣ ይሄ መጎተት አይችልም፣ ይረፍ" ብላ አጥባ ብቻ ሰደደችኝ። የማጠቢያውን እንኳን በግድ ነው የተቀበለችኝ።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። "መድኃኒቱ በስምሽ ተቀምሟል፣ አይመለስም" ነው መልሱ። ሜሪላንድ ቢሆን ካርዴ ላይ የወጣውን ብር በአንድ ስልክ አስመልሰው ነበር እያልኩ ለአክስቴ ልጅ ስፎክር፣ "እዚያ እኮ ሦስት ወር ጠብቂ አሉሽ" አለችኝ። ዝም አልኩ።

ልበር አንድ ቀን ሲቀረኝ ተደወለ። ደስ ያለው ድምፅ ነው፤ "ደርሶልሻል! ነይና ውሰጂ። የትራንስፖርት 1,500 ብር ብቻ ትጨምሪያለሽ።" አልሄድኩም። የአክስቴ ልጅ ግን በቲክቶኳ አፍራለች መሰለኝ ሄዳ፣ ተጨቃጭቃ፣ ሳትከፍል ይዛው መጣች። እማዬ ሻንጣዬን እያሰረች ነበር። ትታ ተነሣችና ከረጢቱን ፈታ አሸተተች፣ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አደረገች።

"ተልባ ነው" አለች። "ያውም ያልተነፋ።"

በማር ልትበጠብጠው ስትነሣ ከእጇ ቀማኋት።