ጥቁሩ የእግር ስፌት መኪና ለቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ሥራ

በትርፍ ጊዜው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው ጅማ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና ብቻ የመግዛት አቅም ቢኖረው፣ በየልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የምናየውን ጥቁሩን የእግር መኪና እንዲገዛ እመክረዋለሁ። ዚግዛግ የሚሰፋ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪናም ቤቴ ውስጥ ስላለ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ እያፈራረቅሁ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ፤ አዘውትሬ የምቀመጥበት ግን የእግሩ ነው። ምክሬ አንድ ገደብ አለው። የብርድ ልብሱን ገጽ በመገጣጠም ይህን መኪና የሚወዳደረው የለም፤ ገጹን፣ ባዘቶውንና ገበሩን ደርቦ አንድ ላይ ለመስፋት ሲመጣ ግን ለትንሽ ሥራ እንጂ ለሙሉ አልጋ ልብስ አይሆንም። አሁን በእጄ ያሉት ሦስት ያላለቁ ሥራዎች ይህን ልዩነት በደንብ ስለሚያሳዩ፣ የምጽፈው በእነሱ ላይ ተመሥርቼ ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን ስለ አንድ ንድፍ ነው። ሲንጀር 15 በሚል ስም የሚታወቀውን ይህን ንድፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን፣ ከዚያም የቻይና ፋብሪካዎች እየገለበጡ በብዛት ስላመረቱት፣ በመኪናው አናት ላይ የተጻፈው ስም ቢለያይም የውስጥ አሠራሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ጥቅም በመለዋወጫ ላይ ይታያል። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢኑም፣ የቦቢን ቤቱም፣ መርፌውም፣ ቺንጋውም በሂርማታ ገበያ ዙሪያ የልብስ ሰፊ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል፤ ሱቁ ቢዘጋ እንኳ የሰፈር ልብስ ሰፊ ከመሳቢያው አውጥቶ ያውሳል። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቦቢን ተሰንጥቆ በነበረ ጊዜ ግን ልኩን የያዘው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ቆሞ ነበር።

ከሦስቱ ሥራዎች የመጀመሪያው ለእህቴ አራስ ልጅ የማዘጋጀው ትንሽ ብርድ ልብስ ነው። ገጹ በሙሉ የሚሠራው ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ነው፤ የመኪናው ትልቁ ብልጫ የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ሹል ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ መርፌው ሥር ሲገባ የመጀመሪያው መወጋት ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ዚግዛግ የሚሰፋው መኪና መርፌው ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ተብሎ የመርፌ ቀዳዳው ረዘም ያለ ስንጥቅ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ሹሉ ጫፍ በዚያ ስንጥቅ ሰጥሞ ከታችኛው ክር ጋር ይተበተባል፤ ሲያወጡት ተቦጫጭቆ ይወጣል። የእግሩ መኪና ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ ቀዳዳው መርፌዋን ብቻ የምታሳልፍ ክብ ነጥብ ናት። ጨርቁ የሚሰምጥበት ቦታ የለውም። በዚህ ላይ መሽከርከሪያውን በእጅ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ስፌቶች አንድ በአንድ ማስገባት ስለሚቻል፣ ጫፉ ሳይበላሽ ቀጣዩ ቁራጭ ይከተላል። እኔ ጨርቅ ሳልጨርስ ክር አልቆርጥም፤ መጀመሪያ አንድ ትርፍ ብጫቂ ሰፍቼ፣ ከኋላው ሦስት ማዕዘኖቹን በተከታታይ አስገብቼ፣ በመጨረሻም ሌላ ብጫቂ አስከትዬ ነው የማቆመው። በክር የተያያዙት ቁርጥራጮች ከመኪናው ኋላ በረድፍ ይወርዳሉ፤ ክር በከንቱ አይባክንም፣ የክሩ መጀመሪያም አይተበተብም።

ሁለተኛው ሥራ ለአማቴ የትከሻ መደረቢያ የሚሆን፣ ከካሬዎች ብቻ የሚገጣጠም ነው። ቀላል ቢመስልም የመኪናን ትክክለኛነት የሚፈትነው ይህ ዓይነቱ ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው የስፌት ጠርዝ፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር እስከ ስፌቱ ያለው ርቀት፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ረድፍ 12 ካሬ ቢኖረው 11 የመጋጠሚያ ስፌቶች ይኖሩታል፤ በእያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ካሬዎች አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ትርፍ ቢበላ ረድፉ በ22 ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ ከላይኛው ረድፍ ጋርም ጥጉ አይገናኝም። መኪናው ላይ ልኩን የሚጠቁም ምልክት ስለሌለ፣ ከመርፌዋ በስተቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ለክቼ የቁስል ፕላስተር ደራርቤ ለጥፌበታለሁ። የጨርቁ ጠርዝ የፕላስተሩን ግድግዳ እየታከከ ሲያልፍ ስፌቱ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል። የመኪናው ራስ ከባድ ብረት በመሆኑና ጠረጴዛውም በብረት እግር የቆመ በመሆኑ ምንም ያህል ቢረግጡት ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የኤሌክትሪኩ ግን ፍጥነት ሲጨመርበት ጠረጴዛው ላይ ስለሚንሸራተት ልክ ያስታል።

ስለ ፍጥነት ካነሳሁ፣ ብዙ ሰው የእግር መኪና ዝግታ ጉድለት ይመስለዋል። ለቀሚስና ለሱሪ ስፌት እውነት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሥራ ግን አብዛኛው ስፌት ከአንድ ካሬ ጎን ስለማይበልጥ፣ የሚያስፈልገው መሮጥ ሳይሆን በተፈለገበት ስፌት ላይ ቀጥ ማለት ነው፤ እግር ከሞተር ይልቅ ለዚህ ይታዘዛል። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። ከሥራ ተመልሼ፣ እራት ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ ልጆቹ ጥናት ላይ ሲቀመጡ የእኔ ሰዓት ነው፤ መብራቱ በዚያው ሰዓት ቢሄድ እነሱ በሚያጠኑበት ባትሪ ብርሃን ዳር ሆኜ እቀጥላለሁ። የመርገጫው ድምፅ ለስለስ ያለና ወጥ ስለሆነ ማንንም አይረብሽም። ካውያውም የከሰል ከሆነ ምንም የሚጎድል የለም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከተሰፋ በኋላ ካልተተኮሰ ሥራው ስለማያምር፣ ከጀበናው ሥር የተረፈው ፍም በከንቱ አይጠፋም።

የከሰል ካውያ ግን የጨርቁን ዓይነት መለየት ግድ ይላል። ቁርጥራጮቼን በአብዛኛው የማገኘው ከልብስ ሰፊዎች ነው፤ በተለይ በሐሙስ ገበያ ሰሞን ማዳበሪያ ሙሉ ይከማችላቸዋል። አዘውትሬ የምወስድበት ሰው «እትዬ፣ ቴትሮኑን ለብቻው አድርጌልዎታለሁ» እያለ ሰው ሠራሹን ጨርቅ አስቀድሞ ይለይልኛል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልተለየ ከሆነ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል፤ ጥጥ ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ደግሞ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይቀራል። መኪናው ሁለቱንም ይሰፋል፣ ምርጫው ግን አይደበቅም። ፖፕሊን፣ አቡጀዴና ከሽርጥ የተረፈ ባለ መስመር ጥጥ ከሥር ጨርቁን የሚገፋው ጥርስ በደንብ ስለሚይዛቸው ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ለድሪያ የሚሆነው ስስ ጨርቅ ግን ከላይ በሚጫነው የመኪናው እግር ሥር ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ቀጭን ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ በኋላ ወረቀቱን መቅደድ ይረዳል፣ ሆኖም ድካሙ ከውጤቱ ስለሚበልጥ እኔ ትቼዋለሁ። ከየትም የመጣ ጨርቅ፣ በተለይ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ፣ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ ቀለሙ ወደ ነጩ ካሬ ይሄዳል፣ ጨርቁም ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። ሦስተኛው ሥራዬ የራሳችን አልጋ ልብስ ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ ቀይ ካሬ ተቀምጦ ዙሪያው በቀጫጭን ቁራጮች፣ ግማሹ በደማቅ ግማሹ በደብዛዛ ቀለም፣ እየተከበበ የሚያድገው ሎግ ካቢን የሚባለው ጥንቅር ነው። ገጹ በዚሁ መኪና ተገጣጥሞ አልቋል፤ በመልኩም በጣም ደስ ብሎኛል። ከሥሩ ባዘቶ ተነጥፎ፣ ከባዘቶው ሥር ገበር ተደርጎ ሦስቱ አንድ ላይ መሰፋት ሲጀምሩ ግን ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛው የቦታ ጥበት ነው። በመርፌውና በመኪናው ክንድ መሠረት መካከል ያለው ክፍተት ስንዝር አይሞላም፤ የድርብ አልጋ ልብስ ግማሹ ተጠቅልሎ በዚያ ክፍተት ውስጥ ማለፍ አለበት፣ መሃሉ ላይ ሲደረስም ጥቅሉ አልላወስም ይላል። ሁለተኛው ጨርቁን ወደ ፊት የሚገፋው ከሥር ያለው ጥርስ ብቻ መሆኑ ነው። ገበሩ በጥርሱ ተይዞ ሲሄድ ገጹ ከላይ በሚጫነው እግር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ገጹ ታጥፎ ይሸበሸባል።

ለሁለተኛው ችግር የተወሰነ መፍትሔ አለ። በመኪናው አናት በስተግራ በኩል ያለውን፣ የዚህን እግር ጫና የሚቆጣጠረውን ብሎን ጥቂት ዙር ማላላት፣ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማድረግና ንብርብሩን አስቀድሞ በእጅ፣ በረጃጅም ስፌት፣ አንድ ጭብጥ በማይሞላ ርቀት ማያያዝ። በዚህ መንገድ የአራሱ ብርድ ልብስ ሳይሸበሸብ እየሄደልኝ ነው። ክብደቱን ለመሸከም ደግሞ በአንድ የሰፈራችን አናጢ የመኪናውን ጠረጴዛ በግራና በኋላ በኩል የሚያሰፋ የዋንዛ ተቀጥላ አሠርቻለሁ፤ ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ተደርጎ ስለተገጠመ ብርድ ልብሱ ወደ መሬት እየተንጠለጠለ ስፌቱን አይጎትትም። የጅማ የእንጨት ሥራ የሚታወቀው በበርጩማና በአልጋ ነው፤ እንዲህ ያለውን ያልተለመደ ትእዛዝ ግን አናጢው ልክ ወስዶ፣ መጋጠሚያውን ያለ ሚስማር ሠርቶ፣ ጠርዙን አለስልሶ ነው ያስረከበኝ። ከመኪናው ግዥ ቀጥሎ ገንዘቤን ያዋልኩበት ምርጥ ነገር ይህ ተቀጥላ ነው። ይሁን እንጂ የክንዱን ጥበት ጠረጴዛ አይፈታውም፤ ስለዚህ አልጋ ልብሱን ከመኪናው አውጥቼ በእጅ መስፋት ጀምሬያለሁ። ይህን ሥራ አልጋ ዳር ተቀምጦ፣ ሰው እያጫወቱ መሥራት ይቻላል፤ አማቴም ዓይኗ እስከፈቀደላት ድረስ በአንደኛው ጥግ ታግዘኛለች፤ የእሷ ስፌት ከእኔ ይልቅ የደቀቀና የቀና ነው።

የአየሩ ሁኔታም መነሳት አለበት። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ እርጥበት ይይዛል። ክፍት የተተወ መኪና መርፌውም የመርፌው ሰሌዳም በአጭር ጊዜ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱ በዓይን ባይታይም ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። በየሥራው ማብቂያ መርፌዋን በዘይት በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ ራሱን ወደ ውስጥ አጥፎ ክዳኑን መዝጋት ይበቃል። ዘይቱ ለስፌት መኪና የሚሸጠው ቀጭኑ ይሁን፤ የምግብ ዘይት ከርሞ ስለሚረጋ መኪናውን ያከብደዋል። የቆዳ ቺንጋም እያገለገለ ሲሄድ ይለጠጥና መሽከርከሪያው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያኔ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ በሽቦ ማያያዣው መልሶ መግጠም የማንም እጅ የሚችለው ሥራ ነው። ባዘቶና ቁርጥራጭ ጨርቅ ደግሞ በፕላስቲክ ታፍኖ ከተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል፤ አየር በሚያሳልፍ ማዳበሪያ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማኖር ይሻላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ እንቅስቃሴውን ይመርምር። ቺንጋው ወልቆ መሽከርከሪያው በእጅ ሲዞር ሳይነክስ ዙሩን መጨረስ አለበት። የመርፌ ዘንጉ ግራና ቀኝ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ስፌት ይዘላል ማለት ነው። የመርገጫው ብረት እግር ተሰንጥቆ በብየዳ የተጠገነ ከሆነ ይተወው። ወደ ኋላ የሚያስሰፋ እጀታ ያለውንና ጥርሱን ዝቅ የሚያደርግ ማዞሪያ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል፤ ጥርሱ ዝቅ ሲል ጨርቁን በእጅ እየመሩ ቅጠልና ሐረግ መስፋት ይቻላል፣ ይህም ለትንንሽ ሥራዎች ትልቅ ውበት ነው። ለእኔ የሸጠልኝ ነጋዴ የቦቢን ቤቱ የሌላ መኪና መሆኑን ሳይነግረኝ ነበር ያስረከበኝ፤ ክሩ ከሥር እየተሰበሰበ ያስቸገረኝም እሱ እስኪቀየር ድረስ ነው። ስለዚህ ሻጩ በራሱ ወፍራም ጨርቅ ሰፍቶ ቢያሳይም፣ ገዢው የራሱን ስስ ፖፕሊን በሁለት አጥፎ ይዞ ይሂድ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እሱው ይርገጥ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልብጦ የታችኛውን ስፌት ይመልከት።