ስፋቱ በብሎን የሚስተካከለው ነጠላ ስንጥቅና ሌዘሩ፦ ለዲፍራክሽን ትምህርት ምን ያህል ይጠቅማል?

ዲፍራክሽን ማለት ብርሃን በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ወደ ጎን መዘርጋቱ ነው። ይህን ለማስተማር የቀረበው ስብስብ ስፋቱ በብሎን የሚስተካከል ስንጥቅ፣ የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር እና 0.02፣ 0.04፣ 0.08 እና 0.16 ሚሊ ሜትር ስንጥቆች ያሉበት መስታወት ይዟል።

ዋናው ጥቅሙ ብሎኑ ነው። ሌዘሩ በርቶ ስንጥቁ ሲጠብ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ከመጥበብ ይልቅ ወደ ጎን ይዘረጋል። ይህ በቃል ሲነገር ለተማሪ አይዋጥለትም፤ ብሎኑን ራሱ ሲያዞር ግን ይገባዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከስንጥቁ አንድ ግማሽ የሚነሳው ሞገድ ከሌላው ግማሽ በግማሽ የሞገድ ርዝመት ዘግይቶ በሚደርስበት አቅጣጫ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ የመጀመሪያው ጨለማ መስመር እዚያ ይወድቃል። ስንጥቁ ሲጠብ ያንን ልዩነት ለማግኘት አቅጣጫው ይበልጥ መዘንበል ግድ ይሆናል።

መስታወቱ ደግሞ ለቁጥር ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ሲርቅ የመሃሉ ብሩህ ክፍል በ0.08 ስንጥቅ 32.5፣ በ0.04 ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 0.02 ላይ 130 ይደርሳል፤ ነገር ግን ስለሚደበዝዝ ክፍሉ በደንብ መጨለም አለበት።

ብሎኑ ላይ የሚነበበውን የስፋት ቁጥር ማመን አይገባም። አቅጣጫ ሲቀየር ጥቂት ባዶውን ስለሚዞር ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ያዙሩት፤ ስፋቱንም ከግድግዳው ላይ አስሉት። በግራና በቀኝ ባሉት ሁለተኛ ጨለማ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ለ4 ያካፍሉ። 52 ሚሊ ሜትር ከሆነ 13 ይመጣል፤ 650 ናኖ ሜትርን በ2 ሜትር አባዝተው ለ13 ሚሊ ሜትር ሲያካፍሉ 0.1 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። የብሩሁን ክፍል ዳር በዓይን መገመት ያሳስታል፤ የመጀመሪያው የጎን ብርሃን ከመሃሉ 4.7 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ መሃሉ ዓይን ይወጋል።

የሚስተካከለውን ስንጥቅ በግራና በቀኝ የሚያዋስኑት የብረት ምላጮች ትይዩ ካልሆኑ ጨለማ መስመሮቹ ያጋድላሉ ወይም ይደበዝዛሉ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ይመለስ። ስንጥቁ ቆሞ ሳለ ምስሉን በአግድም የሚቆርጥ ጥላ ከታየ ግን አቧራ ነው፤ በአየር ይነፋ እንጂ በጨርቅ አይነካ።

ሌዘሩ ደካማው ክፍል ነው። ቁልፉ ካልተያዘ ስለሚጠፋ እጅ ያንቀጠቅጠዋል፤ በመቆንጠጫ ማሰር ያስፈልጋል። ከ1 ሚሊ ዋት በታች ቢሆንም ምላጮቹ ብርሃኑን ወደ ኋላ ስለሚያንጸባርቁ በሌዘሩ በኩል ዓይን በጨረሩ ከፍታ ላይ መዋል የለበትም።